ከሞት በፊት የሚደርስ ጎረቤት

በከተሞቻችን ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩንባ ነፊ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ያሰማል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ከኀዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ሟቹ ምንም ድሀ ቢሆን ያለ ሸኚ አይቀበርም። ይህን ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር እያዋጣ የሠራው ስለ ሆነ ብንኮራበት ይገባናል።

ነገር ግን ጡሩንባው የሚነፋው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት በአልጋ ላይ ሲማቅቅ፤ ሚስቱ ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው፤ ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ቁስሉን ስታጥብ፤ ለመድኃኒት ሲባል የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ ሲሸጥ፤ ያን ጊዜ ጡሩንባ የነፋ የለም። በእርግጥ ጠያቂ ይመጣል፤ ብርቱካን ይዞ፥ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ፥ ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። እርሱ ከሄደ በኋላ ሌሊቱ ይመጣል።

ወጣቶች አንባቢዎቼ፥ በዚህ ጽሑፍ ልተርክላችሁ ያሰብሁት ስለዚያ ሌሊት አስበው የሠሩ ሰዎችን ታሪክ ነው። ሥራቸው በፈረንጅ አፍ ሆስፒስ ይባላል፤ እኔ ማስታመሚያ ቤት እለዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ነገሩ በመሠረቱ የቆየ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ፥ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ፥ በ370 ገደማ ከከተማው ውጭ ለድሆች፥ ለመንገደኞች፥ ለሕሙማንና ለለምጻሞች የሚሆን ትልቅ ቤት አሠርቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ በምዕራብ አገር መነኮሳትና መነኮሳይያት ይህን የመሰለ ቤት በየመንገዱ ዳር ሠሩ። ሆስፒታል፥ ሆቴልና ሆስፒስ የሚባሉት ሦስቱ ቃላት እንግዳንና እንግዳ ተቀባይን ከሚያመለክት ከአንድ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። የሚሞተው ሰው በዚያ ዘመን ሊሸኙት የሚገባ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

ሕክምና እያደገ ሲሄድ ይህ አሳብ ደበዘዘ። ሐኪሞች ብዙ በሽታ ማሸነፍ በቻሉ መጠን፥ ያላሸነፉት በሽታ የያዘው ሰው የሽንፈታቸው ምስክር ሆኖ ታያቸው። አልጋውን እያዩ ማለፍ ጀመሩ። በመጨረሻም «ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ወደ ቤት ውሰዱት» የሚለው ቃል መጣ። ይህን ቃል በእኛም አገር ያልሰማ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ቃሉ ስለ በሽታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሰውየው ግን ፈጽሞ ሐሰት ነው። የምተርከውም ታሪክ የዚህ ሐሰት መገለጥ ነው።

ሐሰቱን በሥራ ከገለጹት አንዷ እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሳንደርስ ናት። በ1918 ተወለደች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነርስነት ትምህርት ተማረች፤ ነገር ግን የጀርባ ሕመም ስለ ያዛት ነርስነቱን ትታ በሆስፒታል የድሆችን ጉዳይ የምትከታተል ሠራተኛ ሆነች። በ1947 ለንደን ውስጥ ዳዊት ታዝማ የሚባል ሰው አገኘች፤ በትውልዱ የፖላንድ አይሁዳዊ፥ በሥራው የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበረ። ካንሰር ይዞታል፤ አጠገቡ ዘመድ የለውም፤ ዕድሜው ገና አርባ ነው። እየሄደች ታጫውተው ጀመር። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ሕመማቸው ቀልሎላቸው፥ እንደ ቍጥር ሳይሆን እንደ ሰው ታይተው የሚሞቱበት ቤት ቢኖር ምን ሊመስል እንደሚገባው አብረው ያስቡ ነበር። በ1948 ሲሞት ያለውን 500 ፓውንድ ተወላት፤ በምትሠሪው ቤት ውስጥ እኔ አንድ መስኮት እሆናለሁ ማለቱን እርሷ ዕድሜዋን ሁሉ ስትናገር ኖረች።

በ500 ፓውንድ ቤት አይሠራም። መስኮቱ ተገኘ፤ ግድግዳው ግን አልነበረም። በመስኮቱ ዙሪያ ቤቱን ለመሥራት 19 ዓመት ፈጀባት። ከዚህ ውስጥ ብዙው ያለፈው በትምህርት ነው፤ አንድ ቀዶ ጥገና ሐኪም «የሚሞቱትን ጥለው የሚሄዱት ሐኪሞች ናቸውና ሐኪሞቹ እንዲሰሙሽ አንቺም ሐኪም ሁኚ» በሚል አሳብ መከራት፤ እርሷም ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ሕክምና ተምራ በ1957 ፈጸመች። ከ1958 ጀምሮ የአየርላንድ መነኮሳይያት በለንደን ምሥራቅ በሚያስተዳድሩት በቅዱስ ዮሴፍ ማስታመሚያ ቤት ስትሠራ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለች። በዚያን ጊዜ በብዙ ሆስፒታል ሞርፊን የሚሰጠው በሽተኛው ሥቃዩ ጠንቶበት ሲጮኽ ነበር። እንግዲህ በሽተኛው መድኃኒቱን የሚያገኘው በጩኸት ዋጋ ነው፤ ሕመሙ እስኪመለስ እየፈራ ይጠብቃል፤ ሲመለስም ይለምናል። እርሷ ግን መድኃኒቱን በአፍ የሚዋጥ አድርጋ፥ ሰዓት ጠብቃ፥ ሕመሙ ሳይመለስ ቀድማ ትሰጠው ጀመር። በዚህ ዓይነት ሕሙማኑ ተነሥተው ተቀመጡ፤ በሉ፤ ከልጆቻቸው ጋር ተነጋገሩ። ሱሰኛ ይሆናሉ የተባለውም አልሆነም።

ሌላም ነገር አስተማረች። የሚሞት ሰው የሚያመው ሥጋው ብቻ እንዳልሆነ፥ ልጆቹን ማን ያሳድግልኝ የሚለው አሳብ፥ ዕዳው፥ ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ መቅረቱ፥ በፈጣሪው ፊት መቆሙ፥ ይህ ሁሉ ከካንሰሩ ጋር ተደምሮ አንድ ሕመም እንደሚሆን ጻፈች። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ክፉ በሽታ ሲገኝ ለዘመድ ይነገራል፤ ለበሽተኛው ግን ይሸሸጋል። ይህ ከፍቅር የመጣ ልማድ ስለ ሆነ ላፌዝበት አልፈልግም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሽተኛው ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ዘመዶቹ እንዳያዝኑ እርሱም በበኩሉ ይሸሽጋቸዋል፤ ሁለቱም ወገን እየተሸሸጉ የመጨረሻው ወር ያልፋል። ኑዛዜም ዕርቅም መሰነባበትም በዚያ ወር ውስጥ ነበሩ።

የቅዱስ ክሪስቶፈር ማስታመሚያ ቤት በደቡብ ለንደን በ1967 ተከፈተ፤ በ1969 ደግሞ ነርሶቹ ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ ማስታመም ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር በየከተማው ይህን የመሰለ ቤት ተቋቋመ። የሚያስደንቀኝ ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ ነው። በዚያ አገር መንግሥት ሕክምናን ለሁሉም በነጻ ሲሰጥ፥ የማስታመሚያ ቤቶቹን ወጪ ግን ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው የከተማው ሰው ነው፤ አሮጌ ልብስና መጽሐፍ በሚሸጥበት ሱቅ፥ በሩጫ ውድድር፥ በኑዛዜ በተተወ ስጦታ ይሰበሰባል።

እስካሁን የነገርኋችሁ የሀብታም አገር ታሪክ ነው። «እኛ ድሆች ነን፤ ይህ ለእኛ አይሆንም» የሚል አንባቢ ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ልብ ብሎ ያንብብ።

በሕንድ ደቡብ ምዕራብ፥ በዐረብ ባሕር ዳርቻ፥ ኬረላ የሚባል ክፍለ አገር አለ። በዚያ ባለችው በካሊከት ከተማ፥ በሕክምናው ኮሌጅ ውስጥ፥ ዶክተር ራጃጎፓልና ዶክተር ሱሬሽ ኩማር ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር በ1993 የሕመም ማስታገሻ ማኅበር አቋቁመው ለካንሰር በሽተኞች አንድ ትንሽ ክሊኒክ ከፈቱ። ሰው እየበዛ መጣ። ነገር ግን ሐኪሞቹ ሥራቸው ጎዶሎ መሆኑን ቶሎ ተረዱ። ወደ እነርሱ መምጣት የሚችለው በአውቶቡስ ለሰዓታት መቀመጥ የሚችለው ነው፤ እጅግ የታመመውና እጅግ የደኸየው በቤቱ ይቀራል። የመጣውም ቢሆን መድኃኒቱን ይዞ ተመልሶ ሲሄድ ቤቱ የሚጠብቀው ያው ብቸኝነት ነው። ሐኪም በዓመት ውስጥ ከአንድ በሽተኛ ጋር የሚቀመጥበትን ሰዓት ብትቆጥሩ ከአንድ ቀን አይሞላም፤ የቀረው ቀንና ሌሊት ሁሉ የጎረቤት ነው።

ስለዚህ ከ1999 ጀምሮ ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ውስጥ ነገሩን ገለበጡት። በማላፑራምና በአካባቢዋ ባሉት አውራጃዎች የመንደሩን ሰው ሰበሰቡ፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል መስጠት የሚችል ይምጣ አሉ። ገበሬ፥ መምህር፥ ባለሱቅ፥ ጡረተኛ፥ የቤት እመቤት፥ ተማሪ መጣ። ለእነዚህ ሰዎች የ16 ሰዓት ትምህርትና አራት ቀን በበሽተኛ አጠገብ የሚደረግ ልምምድ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ በየመንደራቸው አሥር አሥራ አምስት እየሆኑ በቡድን ተደራጁ፤ ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንደ ወደቀ ያውቃሉና ፈልጎ ማግኘቱ አላስቸገራቸውም። ነርስ ቀጠሩ፤ መኪና ተከራዩ፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ሲኖር ብቻ ይጠራል።

ሥራቸው ምን ነበር ብትሉ፥ ትልቅ የሚመስል ነገር የለበትም። በሽተኛውን ከመተኛት ብዛት እንዳይቆስል ያገላብጡታል፤ የቆሰለውን ያጥቡለታል፤ የሚሸት ቁስል ያለበትን ሰው አፍንጫቸውን ሳይይዙ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ለሚስቱ እንዴት አድርጋ እንደምታነሣው ያሳዩአታል፤ እርሷ ትንሽ እንድትተኛ ተራ ይገቡላታል። በቤቱ የሚበላ ከሌለ ሩዝ ያመጣሉ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ደብተርና ክፍያ ይፈልጋሉ። ይህን በማድረጋቸውም ሐኪሞቹ ያላሰቡት ሌላ ነገር ተገኘ። ሐኪሞቹ ስለ ካንሰር ሲያስቡ፥ ጎረቤቶቹ ግን «በዚህኛው ቤት ደግሞ ከዛፍ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ አለ፤ በዚያኛው እጅ እግሯ የደረቀ አሮጊት አለች፤ እነርሱን እንዴት አልፈን እንሄዳለን?» አሉ። በዚህ ምክንያት ማስታመሙ ለሽባውም፥ ለሽማግሌውም፥ አእምሮው ለታወከውም ተዳረሰ። የመንደር ሰው የበሽታ ዓይነት መምረጥ አያውቅም፤ ይህም ለበጎ ሆነ።

ማላፑራም አብዛኛው ነዋሪ እስላም የሆነበት አውራጃ ነው፤ ሂንዱዎችና ክርስቲያኖችም አሉበት። በሽተኛን መጠየቅ በእስልምና እንደ ግዴታ ይቆጠራል፤ በወንጌልም በመጨረሻው ቀን ከሚጠየቁት ሥራዎች አንዱ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ሦስቱም አብረው ሲሠሩ ማን በማን ሃይማኖት እንደ ታመመ የሚጠይቅ አልነበረም።

ገንዘቡስ? በሱቆች መደርደሪያ ላይ ትንንሽ የገንዘብ ሣጥን ተቀመጠ። በወር 10 ሩፒ ለመስጠት ስሙን ያስመዘገበ ብዙ ነው፤ አሥር ሩፒ አንድ ሁለት ስኒ ሻይ የሚገዛ ገንዘብ ነበር። ተማሪዎችም በየትምህርት ቤታቸው እየተደራጁ ያዋጡና በሽተኞቹን ይጠይቁ ጀመር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የእኛ ምሳሌ በዚያ በሥራ ታየ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ትልቅ ለጋሽ ስላላገኙ ነው በትንሹ የተጽናኑት ይላል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። አንድ ባለጠጋ ሙሉውን ወጪ ቢከፍል ኖሮ መንደሩ ተመልካች ሆኖ ይቀር ነበር። አሥር ሩፒ የሰጠ ሰው ግን ገንዘቡ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል፤ ሊያይም ይሄዳል፤ ሄዶም በአልጋው ላይ የሚያገኘው የሚያውቀውን ሰው ነው። ካየ በኋላ ዝም ብሎ መመለስ ይከብደዋል።

የኬረላ መንግሥት ሥራውን ተመልክቶ በ2008 ማስታመምን የክፍለ አገሩ የጤና አገልግሎት ክፍል የሚያደርግ መመሪያ አወጣ፤ የየአካባቢው ምክር ቤትም ወደ ሕሙማን ቤት የሚሄድ ነርስ እንዲቀጥር ተደረገ። ኬረላ ከሕንድ ሕዝብ መቶኛ ሦስት ያህሉን ብቻ ይዛ ሳለ፥ በዚያን ጊዜ ገደማ በአገሩ ካለው የዚህ ዓይነት አገልግሎት ከግማሽ የሚበልጠው በእርሷ ውስጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ በሰሜን ሕንድ ይህን ያህል አልሰፋም። የኬረላ ሰው ከጥንት ጀምሮ ማንበብና መሰብሰብ የለመደ ነው፤ መንደሮቹም ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። ዘሩ መልካም ቢሆንም መሬቱን ይፈልጋል።

ደግሞም የጎረቤት ፍቅር ብቻውን የካንሰርን ሥቃይ አያስታግስም፤ መድኃኒቱም ያስፈልጋል። በዚህ በኩል የሕንድ ታሪክ እጅግ ያሳዝናል። ሞርፊን የሚወጣው ከኦፒየም ነው፤ ሕንድ ኦፒየምን በሕግ ፈቅዳ ከሚያመርቱት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ ለዓለም መድኃኒት ፋብሪካዎችም ትሸጣለች። ነገር ግን በ1985 በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ጠንካራ ሕግ ስላወጣች አንድ ሆስፒታል ሞርፊን ለመያዝ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ብዙ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ አንዱ ፈቃድ ሲገኝ የሌላው ቀን ያልፍ ነበር። ሐኪሞች ቅጣቱን ፈርተው ተዉት፤ በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ በአገሩ ለሕክምና የሚውለው ሞርፊን ከመቶ ዘጠና በላይ ቀነሰ። እርሻው ባለበት አገር በሽተኛው እየጮኸ ሞተ። የካሊከት ሐኪሞችና ወዳጆቻቸው ለዓመታት ከደጅ ደጅ እየዞሩ ከለመኑ በኋላ በኬረላ ሥርዓቱ ቀለለ፤ የአገሩም ሕግ በ2014 ተሻሻለ። ሕግ አውጪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሱሰኛውን አስበው በሽተኛውን ረሱት።

በአፍሪካም ዩጋንዳ መንገድ አሳይታለች። ሐኪሟ አን ሜሪማን በ1993 በካምፓላ ማስታመሚያ ድርጅት ስትመሠርት የሞርፊን ዱቄት በውሃ እየተበጠበጠ በጠርሙስ እንዲሰጥ አደረገች፤ ይህ ርካሽ ነው፤ መርፌም አይፈልግም፤ እናት ለልጇ በቤቷ ልትሰጠው ትችላለች። በየገጠሩ ሐኪም ስለማይገኝም ዩጋንዳ በ2004 ልዩ ትምህርት የተማሩ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የእማሆይ ተሬዛ መነኮሳይያት በ1973 አዲስ አበባ ገብተው፥ ወድቀው ለተገኙ በሽተኞች ቤት ከፍተዋል። በ2003 ደግሞ ነርሶቹ ወደ ሕሙማን ቤት እየሄዱ የሚያስታምሙበት ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት በዚያው በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ነገር ግን እኔ የበለጠ የምመለከተው ዕድርን ነው። ዕድር የአባላት መዝገብ አለው፤ ገንዘብ ያዥና ጸሓፊ አለው፤ የወር መዋጮ አለው፤ የቀረውን የሚቀጣበት ደንብ አለው፤ ቤት ለቤትም ይተዋወቃል። የማላፑራም ሰዎች ሲጀምሩ ከእነዚህ አንዱም በእጃቸው አልነበረም።

የጎደለው ነገር በኤድስ ዘመን ታይቷል። በሽታው በጠናባቸው ዓመታት ዕድሮች በየሳምንቱ ይቀብሩ ጀመር፤ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው ገንዘብ በቀብር ወጪ አለቀ። በዚህ ጊዜ አንዳንዶቹ ደንባቸውን አውጥተው መረመሩ፤ ገንዘቡ ለሞተ አባል ብቻ ይሰጣል የሚለውን አሻሽለው ለታመመም እንዲሰጥ አደረጉ፤ ከአባሎቻቸው መካከልም ቤት ለቤት የሚያስታምሙ መረጡ። ነገሩን ያቀለለው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡም ነው። ሰው አልጋ ላይ ሳለ ቢረዱት ቶሎ ይነሣ ይሆናል፤ ቢሞትም ቤቱ ባዶ ሆኖ ልጆቹ በዕድሩ ላይ አይወድቁም።

በርግጥ ይህ ነገር በየዕድሩ ቢነሣ ከሽማግሌዎች የሚመጣውን ተቃውሞ መገመት አያስቸግርም። «ዕድርተኛ ወደ በሽተኛ ቤት ቢሄድ ሞት የጠራንበት ይመስለዋል፤ እያለ እንዳለቀሰልን ይቆጥረዋል» ይባላል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ ሰው ድንኳኑን የተሸከሙትን ሰዎች በደጁ ሲያይ መደንገጡ አይቀርም። ነገር ግን በኤድስ ዘመን ወደየቤቱ ይሄዱ የነበሩት አብዛኞቹ እናቶችና እኅቶች ነበሩ፤ በእጃቸው የያዙት ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ነበር፤ አልጋውን አንጥፈው፥ ገላውን አጥበው፥ አጥሚት አጠጥተው፥ የሚመለሱበትን ቀን ነግረው ይሄዱ ነበር።